በተራራ አገር የተቀዳ ዘፈን
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበት ቀን በሚከበርበት በዚህ በዓል ላይ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንድንናገር ስለተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የበዓል ንግግር ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም ነው፤ ከታናሹ ክፍል ጀምረን በየዓመቱ ስለሰማነው ዛሬ እኛም ብንደግመው እናንተን ከማድከም በቀር የምንጨምረው የለንም። ስለዚህ የመረጥነው ነገር ሙዚቃ ነው። ‹‹ፈተና ደጃፋቸው ቆሞ ሳለ እነዚህን ልጆች ስለ ዘፈን ምን አናገራቸው?›› የሚል ወላጅ እንደማይታጣ አስቀድመን ገምተናል። ጥቂት ቢታገሡን ምክንያታችንን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናሳስባለን። የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የነገሩ ግማሽ በአሜሪካ፣ ግማሹም በአገራችን የተደረገ ስለሆነ ሁለቱን አቆጣጠር ብንቀላቅል ሰሚውን ግራ እናጋባለን።

በደሴና በኮምቦልቻ፣ እዚህም በኩታበር፣ በብዙ ሰው ቤት የአሜሪካ ባላገር ዘፈን ይሰማል። የጂም ሪቭስ፣ የኬኒ ሮጀርስ፣ የዶሊ ፓርተንና የዶን ዊልያምስ ድምፅ በአባቶቻችን ካሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በአንዳንዶቻችን ስልክ ላይ አለ። የቃሉ ትርጉም የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ያልተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡት እናያለን። ወሎዬ ለዜማ ቅርብ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኛ ግን በዚህ መልስ አልረካንም።

መልሱን ያገኘነው ባልጠበቅነው መንገድ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ በኦርጋን ከተማርናቸው መዝሙሮች አንዱ ‹‹አሜዚንግ ግሬስ›› የሚባለው ነው። ቃሉን በ18ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ጆን ኒውተን የተባለ እንግሊዛዊ ካህን ሲሆን፣ እርሱም ቀድሞ የባሪያ መርከብ አዛዥ የነበረ ሰው ነው። ዛሬ የሚዘመርበት ዜማ ግን የአሜሪካኖች ነው፤ ቃሉና ዜማው በአንድ መጽሐፍ ላይ ተጋጥመው የወጡት በ1835 ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ክራሩን ባለሙያዎች ትዝታ ሜጀር በሚሉት ቅኝት ቃኝቶ ሳለ ይህንኑ መዝሙር ሊመታ ቢሞክር፣ አንድም አውታር ሳይለውጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጣለት።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ ያሉት ቅኝት ነው፤ የዚያም መዝሙር ዜማ በእነዚያው በአምስቱ ብቻ ይሄዳል። የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በኦርጋን ወይም በፒያኖ ላይ ነጮቹን ቁልፎች ትቶ ጥቁሮቹን ብቻ ይንካ፤ የትዝታ ድምፅ ይመጣለታል። ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የተሰደዱ ሰዎች ወደ አሜሪካ ተራራዎች ይዘዋቸው ከሄዱት የጥንት ዘፈኖች መካከል ብዙዎቹ በዚሁ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ባንጆ የሚባለውን የአውታር መሣሪያ ይዘው ደረሱ፤ ከሁለቱ መገናኘት የባላገሩ ዘፈን አደገ። እንግዲህ ሰው በኩታበር ተቀምጦ የማያውቀውን ቋንቋ ዘፈን ሲሰማ ሆዱ የሚባባው፣ የገዛ ቤቱ ዜማ በእንግዳ ልብስ ተሸፍኖ ስለሚመጣለት ይመስለናል።

አሁን ወደ ብሪስቶል እንሂድ።

ብሪስቶል በአፓላችያ ተራራዎች መካከል የምትገኝ፣ ዋና መንገዷ በቴነሲና በቨርጂኒያ ግዛቶች ወሰን ላይ የሚያልፍ ትንሽ ከተማ ናት። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1927 ራልፍ ፒር የሚባል የቪክቶር ሸክላ ኩባንያ ሰው የመቅጃ መሣሪያውን ጭኖ ወደዚያች ከተማ መጣ፤ በአንድ የባርኔጣ ኩባንያ ሕንፃ ፎቅ ላይም መሣሪያውን ተከለ። በተራራው ዙሪያ ቫዮሊን፣ ባንጆ ወይም ጊታር የሚመታ፣ መዝሙርም የሚያውቅ ሰው ቢመጣ ለሚቀዳው ለእያንዳንዱ ዘፈን 50 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። ይህ ገንዘብ በዚያ ዘመን ለተራራ ገበሬ ብዙ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ያህል ዘፋኞችና ቡድኖች ቀረቡ።

ከእነርሱ መካከል ሦስቱ የካርተር ቤተ ሰብ ናቸው። ኤ. ፒ. ካርተር፣ ሚስቱ ሳራ፣ የወንድሙም ሚስት ሜይቤል ከገጠር መንደራቸው በመኪና መጡ። ሜይቤል ያን ጊዜ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ የዛሬ የእኛ እኩያ፣ ከዚህም በላይ ነፍሰ ጡር ነበረች። በአውራ ጣቷ ዜማውን በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ ታወጣለች፤ በቀሩት ጣቶቿ ደግሞ ቀጫጭኖቹን እየገረፈች ምቱን ትጠብቃለች። የእኛ ክራር መቺዎች አንዱን መግረፍ፣ ሌላውን መደርደር ይሉታል፤ እርሷ ሁለቱን በአንድ እጅ አዋሐደቻቸው። ከእርሷ በኋላ የመጡት የባላገር ጊታር መቺዎች አብዛኞቹ የዚያች ልጅ ተማሪዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እነርሱ በነሐሴ 1 እና 2 ቀን ተቀዱ። በ4ኛው ቀን ጂሚ ሮጀርስ መጣ፤ እርሱም በምድር ባቡር ላይ ይሠራ የነበረ የሚሲሲፒ ሰው ሲሆን፣ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ያን ሥራ ትቶ ነበር። በ1933 በዚሁ በሽታ በ35 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ዘፈን አስቀድቷል።

ስለ ካርተር ሌላም ነገር መናገር አለብን፤ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን እርሱ ነውና። ኤ. ፒ. ካርተር ከዚያ በኋላ በየተራራው እየዞረ የሽማግሌዎችን ዘፈን ይሰበስብ ነበር። ቃሉን በወረቀት ይጽፋል፤ ዜማውን ግን በልቡ መያዝ ያስቸግረው ነበር። ስለዚህ ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ጊታር መቺ አብሮት ይሄድ ነበር፤ አንዱ ቃሉን ሲጽፍ ሌላው ዜማውን በጆሮው ይዞ ይመለሳል። ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ እንዳይቀመጡ ሕግ በሚከለክልበት አገር ይህ መደረጉ ቀላል ነገር አይደለም። የካርተር ስም በትልቁ ሲጻፍ የሪድል ስም ለብዙ ዘመን ሳይጠራ ቀርቷል፤ እኛ ግን ዛሬ በኩታበር ሁለቱንም በአንድነት ጠራናቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማው ሰው ምን ይል ነበር? ‹‹ሂልቢሊ›› ይላቸው ነበር፤ የኮረብታ ባላገር፣ ያልሠለጠነ ማለት ነው፤ ስድብ ነው። የሸክላ ኩባንያዎቹም ራሳቸው ዝርዝራቸውን ሲያወጡ የተራራውን ነጭ ዘፈን በዚሁ ስም፣ የጥቁሩን ዘፈን ደግሞ ‹‹የዘር ሸክላ›› በሚል ስም ለይተው ይሸጡ ነበር። ቆይቶ በሐምሌ 5 ቀን 1954 ኤልቪስ ፕሬስሊ የተባለ የ19 ዓመት የጭነት መኪና ነጂ በሜምፊስ ከተማ በሳም ፊሊፕስ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ሸክላውን መቅዳት ሲጀምር፣ በአንደኛው ፊት የጥቁሩን የአርተር ክሩዳፕን ዘፈን፣ በሌላው ፊት የባላገሩን የቢል ሞንሮን ዘፈን አወጣ። በሁለት ስም ተከፍሎ ሲሸጥ የነበረው ነገር በአንዲት ሸክላ ላይ ተገናኘ ማለት ነው። ወላጆችና ሰባኪዎች ተቆጡ። በ1957 መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሲያሳዩት ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር፤ የወገቡ እንቅስቃሴ ልጆችን ያበላሻል ተብሎ ነው። የእኛ ወላጆች እስክስታን ከወገብ በላይ ብቻ ተመልከቱ ያላሉን ለዚህ ይሆን? እስክስታው ራሱ ከወገብ በላይ ነውና።

ዛሬ ግን ያ ሁሉ ነውር ተረስቷል። አሜሪካኖች በ1961 ለባላገር ሙዚቃቸው የክብር ቤት ሲያቋቁሙ ጂሚ ሮጀርስን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱ አድርገው መረጡት። ለሮክ ሙዚቃ በ1986 እንዲሁ አደረጉ። በ1998 የአገሪቱ ምክር ቤት ብሪስቶልን የባላገር ሙዚቃ የትውልድ ቦታ ብሎ ሰየማት፤ በ2014 ቤተ መዘክር ተከፈተላት። በ1977 ወደ ጠፈር በተላኩት ሁለት መንኮራኩሮች ላይ በተጫነው የወርቅ ሸክላ የቸክ ቤሪ የሮክ ዘፈን ከባኽና ከቤቶቨን ጋር ተቀምጧል። ሰው የናቀውን ነገር ይህን ያህል ያከበረው ለምንድን ነው ብለን ብንመረምር፣ ቢያንስ አንዱ ምክንያት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቤት፣ ማን እንደ ዘፈነ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ቀኑ ባይታወቅ ምኑ ይከበራል?

እኛስ?

ክቡራን ሆይ፤ እኛ ከብሪስቶል እንቀድማለን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ስለ አውቶሞቢል ሊማር ወደ ጀርመን አገር ተልኮ ሳለ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ድምፁን በሸክላ አስቀርጿል። የካርተር ሚስት ገና ልጅ ሳለች የኢትዮጵያ ዘፈን በግራማፎን ይሰማ ነበር። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የናስ መሣሪያ እንዲነፉ አስመጡ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሰ።

በ1937 ግን የሆነውን ስንሰማ እናንተም ልትቆዩበት ይገባል እንላለን። በየካቲት ወር በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያን የዘመተው በአርበኞች ላይ ብቻ አልነበረም፤ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ነጋሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ ታዘዘ። ጠላት መሣሪያ የያዘውን ሰውና ማሲንቆ የያዘውን ሰው እኩል ፈራቸው። እኛ ደግሞ ከነፃነት በኋላ ለልጆቻችን ‹‹አዝማሪ›› የሚለውን ቃል ስድብ አድርገን አቆየንላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን፤ ብዙዎቻችሁ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁና። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ጥላሁን ገሠሠንና ዓለማየሁ እሸቴን የመሳሰሉትን አወጡ። አሜሪካኖች ከ1943 እስከ 1977 በአስመራ በነበራቸው የቃኘው ጣቢያ ለወታደሮቻቸው ያሰሙት የነበረው የራዲዮ ሙዚቃ ወደ ከተማውም ይደርስ ነበር። ዓለማየሁ እሸቴም ኤልቪስን በሲኒማ አይቶ ፀጉሩንና ልብሱን እንደ እርሱ አደረገ፤ ሰዎችም የኢትዮጵያ ኤልቪስ አሉት። ነገር ግን የዘፈነው በአማርኛ፣ በራሳችን ቅኝት ነበር፤ የወሰደው አለባበሱንና ምቱን ነው።

ሸክላ ማሳተም ግን በ1948 በወጣ አዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። በ1969 አምኃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ሱቅ ያለው ወጣት ያን አዋጅ ደፍሮ በገዛ ስሙ ሸክላ ማውጣት ጀመረ፤ የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበረ፤ የታተመውም በሕንድ አገር ነው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና ዐሥራ ሁለት ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱም ዝም አለ፤ አምኃም አገሩን ለቆ ወደ አሜሪካ ሄደ። አምኃም ዓለማየሁም በአንድ ዓመት፣ በ2021፣ ዐረፉ።

እነዚያን ሸክላዎች ፈልጎ፣ የዘፋኙን ስም፣ የመሣሪያ መቺዎቹን ስም፣ ዓመቱን ጭምር ጽፎ ለዓለም ያወጣቸው ሰው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ሥራውን ‹‹ኢትዮፒክስ›› ብሎ በተከታታይ ማውጣት የጀመረው በ1997 ነው፤ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ክፍሎችም ወጥተዋል። ምስጋና ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ቅሬታ የለንም። ሆኖም የአገራችንን ዘፈን ዕድሜ ለማወቅ በፓሪስ የታተመ ወረቀት መፈለጋችን ትንሽ አሳፈረን።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ ዋና ቅኝቶች አራት ናቸው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ሰኞ ሰኞ ታላቁ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ የእኛ የኩታበር ወሰንተኛ ነው። በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ቦታ አንድ ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ ‹‹አምባሰል እንምታ›› ባለ ቁጥር የጎረቤታችንን ስም ይጠራል። ጃፓኖችም ከዚሁ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የአምስት ድምፅ ቅኝት አላቸው፤ ስለዚህ ነው የእነርሱን ዘፈን ስንሰማ የምንደነግጠው። ማሪቱ ለገሠ አምባሰልንና ባቲን ስትዘፍን፣ የወሎ ላሊበላ ኪነትም ከደሴ ተነሥቶ በየመድረኩ ሲጫወት፣ መነሻው ይኸው ተራራና ገበያ ነው። በመውሊድ ቀን በከበሮ የሚባለው መንዙማ፣ በደብሩ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚባለው ማሕሌት፣ በሠርግ ቤት የሴቶቹ ዘፈን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ቀበሌ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሊሰማ ይችላል።

ነገር ግን አምባሰልን በመጀመሪያ ማን ቃኘው? ከማን ወደ ማን ተላለፈ? በኩታበር ዙሪያ ባለፉት ሰባና ሰማንያ ዓመታት የታወቁት ዘፋኞች እነማን ነበሩ? እኛ ይህን ብንጠየቅ ፈተናውን እንወድቃለን። ስለ ሜይቤል ካርተር የነገርናችሁን ያህል ስለ አንዲት የአምባሰል ዘፋኝ አያት ልንነግራችሁ አንችልም፤ የተጻፈ የለምና።

የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ እየቀነሱ ነው። በ2021 ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻም በደረሰ ጊዜ፣ ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሸሽ ካሴትና ቴፕ ይዞ የሄደ አልነበረም። ከእኛ መካከል የአያቱ የሠርግ ካሴት፣ የአጎቱ የማሲንቆ ቅጂ የጠፋበት አለ። ሕይወትና ንብረት በጠፋበት ጊዜ ካሴት ምንድን ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም። ዛሬ ግን የዚያን ድምፅ ባለቤት ብንፈልግ አንዳንዱ በሕይወት የለም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ እዚህ ላይ በትሕትና አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጃችሁ ክራር ሲያነሣ ‹‹አዝማሪ ልትሆን ነውን?›› አትበሉት። ትምህርቱን ትቶ ይዙር ማለታችን አይደለም፤ እኛም ሐኪምና መሐንዲስ፣ አስተማሪም ለመሆን የምንመኝ ነን። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ እንግሊዝ አገር የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃ ተምሮ ተመለሰ፤ ኢትዮጵያም በዚያ የተጎዳችበት ነገር አይታየንም። ለማንኛውም እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዳችን ወደየአለንበት እንበተናለን፤ ስለዚህ ከመበተናችን በፊት አንድ ወፍራም ደብተር አዘጋጅተናል። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚሞላው ይህ ነው፦ የዘፋኙ ወይም የመሣሪያ መቺው ስም፣ መንደሩ፣ የሚያውቀው ቅኝት፣ ከማን እንደ ተማረ፣ ያስተማረውስ ሰው ከማን እንደ ተማረ፣ በየትኛው ሠርግ፣ ገበያ ወይም በዓል ላይ እንደሚታወስ፣ ቀኑም ከነዓመቱ። ፈቃዳቸው ከሆነ ድምፃቸውን በስልክ እንቀዳለን፤ የቅጂውም ቁጥር በገጹ ላይ ይጻፋል። እንደ ካርተርና እንደ ሪድል ሁለት ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያዳምጣል። ክርስቲያንና እስላም ተጣምረው ቢሄዱ ማሕሌቱም መንዙማውም አይቀርብንም ብለን ጥንዶቹን እንዲሁ አድርገን መደብን።

እስካሁን ዐሥራ አንድ ገጽ ተሞልቷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት እናት አምባሰልን ከአክስታቸው፣ አክስታቸውም ከውኃ ወራጅ ልጆች ጋር ሲዘፍኑ የተማሩት መሆኑን ነግረውናል፤ ከዚያ በፊት ያለውን አያውቁትም። በሦስተኛው ገጽ ላይ ያሉት ሽማግሌ ማሲንቋቸው ጭራው ተበጥሶ ስለነበረ ዜማውን በአፋቸው አሰሙን፤ ከደሴ የፈረስ ጭራ አምጥተን ስናስገባላቸው ሌላ ሁለት ገጽ ሞላን።

ደብተሩ በቤተ መጻሕፍቱ፣ ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ዛሬ ከበዓሉ በኋላ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ተማሪዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ስም የምታውቁ ወላጆች ብትመጡ፣ የማትጽፉም ብትሆኑ እየነገራችሁን እኛ እንጽፋለን።